«ሽምደዳ ነው» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሊጠናቀቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ማኅበራዊ ሳይንስን የሚመርጥ ተማሪ ከዘመድም ከጓደኛም የሚሰማው አስተያየት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ከሒሳብ ሸሽቶ ነው» ይባላል፤ አለዚያም «መሸምደድ ስለሚችል ይቀናዋል» ይባላል። የመጀመሪያው ነቀፌታ፣ ሁለተኛው ሙገሳ ይምሰል እንጂ ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ይኸውም ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ብዙ ማሰብ የማይጠይቁ፣ የተጻፈውን በቃል ይዞ መልሶ በመጻፍ ብቻ የሚታለፉ ትምህርቶች ናቸው የሚለው ነው። እኔ በዚሁ ዘርፍ ተምሬ ያለፍኩ፣ አሁን ደግሞ የእኅቴን ልጅና ጓደኞቿን አልፎ አልፎ የማስጠና ሰው እንደመሆኔ፣ አባባሉ ተማሪውን ይበልጥ የሚጎዳው ክብሩን በመንካቱ ሳይሆን አጠናኑን በማበላሸቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱ ሽምደዳ ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ ይሸመድዳል፤ እየሸመደደም በዝቅተኛ ክፍሎች ጥሩ ውጤት ያመጣል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ሲደርስ ግን የጥያቄው ዓይነት ስለሚለወጥ፣ የለመደው ትጋት የለመደውን ውጤት አልሰጥ ይለዋል።

በዝቅተኛ ክፍሎች ማኅበራዊ ትምህርት ተብሎ በአንድ መጽሐፍ ይሰጥ የነበረው፣ ከፍ ሲል ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና ሥነ ዜጋ እየተባለ ይከፋፈላል። ክፍፍሉ የመጽሐፍ ብዛት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ትምህርት ማስረጃን የሚያይበት የራሱ ልማድ አለው። ታሪክ ሰነድን ይመረምራል፤ ጂኦግራፊ ካርታንና ሠንጠረዥን ያነባል፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ቢቆይና አንዱ ብቻ ቢለወጥ ምን ይከተላል እያለ ይጠይቃል። «መቼ ሆነ? የት ሆነ? ማን አደረገው?» የሚሉት ጥያቄዎች አይቀሩም፤ ሆኖም መንደርደሪያ ከመሆን አያልፉም። ተማሪውን ከተማሪ የሚለዩት «ለምን ያኔ ሆነ? በምን ታወቀ? ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚሉት ናቸው።

የእኅቴ ልጅ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤዎች የያዘችውን ማስታወሻ አሳይታኝ ነበር። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ ርእሱ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ከሥሩ የጦር መሣሪያ ፉክክር፣ የጦር ቃል ኪዳኖች፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ብሔርተኝነትና የአልጋ ወራሹ ግድያ በተራ ቁጥር ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጥያቄው ሲመጣ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ይገባኛል» አለችኝ። ማስታወሻው ላይ አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረም። የጎደለው አምስቱ ነጥቦች እርስ በርሳቸው በምን እንደሚገናኙ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ዝርዝሩ ሁሉንም በእኩል ስላስቀመጣቸው፣ ለአሥርት ዓመታት ሲከማች የኖረው ፉክክርና በአንድ ጠዋት የተፈጸመው ግድያ ተመሳሳይ ክብደትና ተመሳሳይ ተግባር ያላቸው መስለው ታዩ።

ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ጎን ትተን ቀኖቹን በቅደም ተከተል ጻፍናቸው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ የተገደለው ጁን 28 ቀን 1914 ነው። ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ደግሞ ጁላይ 28 ነው። በመካከሉ ድፍን አንድ ወር አለ። ግድያው ብቻውን ጦርነቱን ያመጣው ቢሆን ኖሮ ይህ ወር ምን ሲሠራበት ቆየ? በዚህ ጊዜ ውስጥ ጀርመን ለአጋሯ ያለ ቅድመ ሁኔታ ድጋፏን ሰጠች፤ ኦስትሪያ-ሃንጋሪም ጁላይ 23 ቀን ለሰርቢያ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ የሚጠይቅ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላከች። ይኸ ሁሉ የሰዎች ውሳኔ ነው፤ ሌላ መንገድም መምረጥ ይቻል ነበር። ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 4 ያለው አንድ ሳምንት ግን ሌላ መልክ አለው፤ ጀርመን ኦገስት 1 በሩስያ ላይ፣ ኦገስት 3 በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ሠራዊቷ ቤልጂየም በገባበት በኦገስት 4 ደግሞ ብሪታንያ በጀርመን ላይ አወጀች። የጦር ቃል ኪዳኖቹና አስቀድመው የተዘጋጁት የክተት ዕቅዶች ኃይላቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ስንደርስ አምስቱ ነጥቦች የየራሳቸውን ሥራ ማግኘት ጀመሩ። ግድያው ጦርነቱ ለምን በ1914 እንደተነሣ ይናገራል እንጂ ለምን ያን ያህል እንደሰፋ አይናገርም፤ ቃል ኪዳኖቹ ደግሞ ለምን እንደሰፋ ይናገራሉ እንጂ ለምን እንደተጀመረ አይናገሩም። ቃል ኪዳኖቹም ቢሆኑ ልክ አላቸው። ኢጣልያ ከ1882 ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጋር በቃል ኪዳን የተሳሰረች ሆና ሳለ በ1914 ከጦርነቱ ውጪ ሆነች፤ በ1915 ደግሞ በተቃራኒው ወገን ተሰልፋ ገባች። «ቃል ኪዳኖቹ ሀገራቱን ሁሉ ወደ ጦርነት ጎተቱ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ ኢጣልያ ምን እንደሚል ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። የእኅቴ ልጅ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ቅር አላት፤ በንጽሕና የጻፈችው ዝርዝር ተበላሸባትና። ከዚያ በኋላ ግን በጥያቄው ላይ ሁለት ገጽ ለመጻፍ የሚበቃ ነገር አላጣችም።

በምን ታወቀ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ርእስ አይወጣም። ከጦርነቱ በኋላ ከጀርመን ጋር የተደረገው የቬርሳይ ውል የተፈረመው ግድያው በተፈጸመ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ጁን 28 ቀን 1919 ሲሆን፣ አንቀጽ 231 ለደረሰው ጥፋት ኃላፊነቱን በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ያስቀምጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን አንቀጽ ጀርመን ጥፋተኛ ለመሆኗ እንደ ማረጋገጫ ይጠቅሱታል። የጻፉት ግን ጦርነቱን ያሸነፉት ወገኖች ናቸው፤ አንቀጹም ለሚጠየቀው የጦር ካሳ ሕጋዊ መሠረት እንዲሆን የገባ ነው። ሰነዱ ስለ 1914 ከሚናገረው ይልቅ አሸናፊዎቹ በ1919 ምን ይፈልጉ እንደነበር የሚናገረው ይበልጣል። ይህ ማለት ደግሞ ጀርመን ኃላፊነት አልነበረባትም ማለት አይደለም። የራሷ የጀርመን ተወላጅ የሆነው የታሪክ ምሁር ፍሪትዝ ፊሸር በ1961 ባሳተመው ጥናት የሀገሩን መሪዎች ዋና ተጠያቂ አድርጎ በማቅረቡ በሀገሩ ከባድ ክርክር አስነሥቷል፤ በ2012 ሌላው የታሪክ ምሁር ክሪስቶፈር ክላርክ ደግሞ ኃላፊነቱ በብዙ ዋና ከተሞች የተሰራጨ መሆኑን አስረድቷል። ሁለቱም ሰነድ መርምረው ነው የጻፉት። በዚህ ዕድሜ ያለ ተማሪ ማን ትክክል እንደሆነ እንዲፈርድ ማንም አይጠብቅበትም፤ ክርክሩ በምን ላይ እንደሆነ ማስረዳት ግን ይጠበቅበታል።

ቀንና ዓመት መያዝ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎችን እኔ አልደግፍም። ከላይ ያለው ሐሳብ ሁሉ የቆመው በሁለት ቀኖች መካከል አንድ ወር መኖሩን በማወቅ ላይ ነው። ቀን የሚጠቅመው ግን ከሌላ ቀን ጋር ሲተያይ ነው፤ ለብቻው የተሸመደደ ዓመት በፈተና ማግሥት ይረሳል።

ወደ ጂኦግራፊ ስንሻገር ተማሪዎች በብዛት የሚፈሩት ክፍል የካርታ ንባብ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከማኅበራዊ ሳይንስ ሁሉ ይበልጥ የሚያዝናናው እሱ ነው። ስለ ኮንቱር መስመር የሚጠየቅ ተማሪ ትርጉሙን አሳምሮ ይመልሳል፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር መሆኑን ይነግራችኋል። ካርታውን ፊቱ ዘርግታችሁ «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ድረስ በእግር መውጣት ይከብዳል ወይስ አይከብድም?» ብትሉት ግን ዝም ይላል። አሠራሩ እኮ አስቸጋሪ አይደለም። የካርታው ስኬል 1:50,000 ከሆነ በወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል በማስመሪያ ብንለካ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ርቀቱ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንዱ የኮንቱር መስመርና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ቢሆንና ከታችኛው ነጥብ እስከ ላይኛው በመስመሮቹ መካከል 10 ክፍተት ብንቆጥር፣ የከፍታው ልዩነት 200 ሜትር ነው። በ1,000 ሜትር ርቀት 200 ሜትር መውጣት ማለት የ20 በመቶ ተዳፋት ማለት ነው። ለእግረኛ አድካሚ ነው፤ ለከባድ መኪና ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ ሊሠራበት አይችልም፤ እርከን ሳይሠራ ቢታረስም ዝናቡ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል። አንድ ማስመሪያና ጥቂት ማካፈል ስለ መንገድ፣ ስለ እርሻና ስለ አፈር መሸርሸር እንድንናገር አስቻሉን። (በነገራችን ላይ 1:50,000 ከ1:1,000,000 የሚበልጥ ስኬል ነው። ቁጥሩ የክፍልፋይ ታሕታይ መሆኑን ያስተዋለ ሰው በዚህ ጥያቄ አይታለልም።)

በሕዝብ ቁጥር ምዕራፍ ላይም ሒሳቡ ይከተለናል። በአንድ አገር በዓመት ከ1,000 ሰው 35 ሕፃናት ቢወለዱና 10 ሰዎች ቢሞቱ፣ ፍልሰትን ሳንጨምር ሕዝቡ በ1,000 በ25 ሰው፣ ማለትም በ2.5 በመቶ ያድጋል። 70ን ለ2.5 ስናካፍል 28 እናገኛለን፤ የዕድገቱ መጠን በዚሁ ከቀጠለ ሕዝቡ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት ዓመት በግምት ይኸ ነው። ከሒሳብ ሸሽቶ የመጣ ተማሪ ካለ እዚህ ያገኘዋል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ቶማስ ማልተስ በ1798 የሕዝብ ቁጥር በብዜት፣ የምግብ ምርት ግን በድምር እንደሚያድግ ሲጽፍ፣ የሁለቱ አለመመጣጠን ወደ ረኀብና ወደ ሰቆቃ እንደሚያመራ ያምን ነበር። የዴንማርኳ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤስተር ቦዝሩፕ ደግሞ በ1965 ነገሩን ገልብጣ፣ የሕዝብ ብዛት ራሱ ገበሬው መሬቱን በተሻለ ዘዴ እንዲያርስ ይገፋፋዋል ስትል ተከራከረች። በማልተስ ዘመን 1 ቢሊዮን ገደማ የነበረው የዓለም ሕዝብ በኖቬምበር 2022 ከ8 ቢሊዮን መድረሱን ያየ ተማሪ «ማልተስ ተሳስቷል» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ባይቸኩል ይሻላል። ማልተስ ያላየው ምን እንደነበረ መዘርዘር ይቻላል፤ በ1913 በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው ከአየር ናይትሮጅን የሚሠራ ማዳበሪያ አንዱ ነው፤ ኑሮ ሲሻሻል ቤተሰቦች ጥቂት ልጆችን መውለድ መምረጣቸው ሌላው ነው። ለአንድ የተወሰነ አካባቢ፣ መሬቱ ጠቦ ማዳበሪያውም ባልደረሰበት ሁኔታ፣ የማልተስ ሥጋት ትርጉም አጥቷል ማለት ግን አይቻልም። መልሱ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው የሚለያይ መሆኑን ጽፎ ያሳየ ተማሪ የተጠየቀውን አድርጓል።

ስለ ኢኮኖሚክስ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም በዚህ ትምህርት ሽምደዳ እንደማያዋጣ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል። የዕቃው የራሱ ዋጋ ሲለወጥ፣ በየዋጋው ምን ያህል እንደሚገዛ በሚያሳየው የፍላጎት መስመር ላይ እንንቀሳቀሳለን፤ ገቢ ወይም የተተኪ ዕቃ ዋጋ ሲለወጥ ግን መስመሩ ራሱ ይዛወራል፤ ይህን ልዩነት በቃል መያዝ አይረዳም፤ በእጅ ደጋግሞ መሣል ነው የሚያስፈልገው። ትኩረት የሚሻው መለኪያዎች የሚለኩትንና የማይለኩትን መለየት ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሳይመን ኩዝኔትስ ለአሜሪካ ኮንግረስ በ1934 ብሔራዊ ገቢን አስልቶ ሲያቀርብ፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ብቻ መረዳት እንደማይቻል አብሮ አስጠንቅቋል። ከ1990 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጣው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከገቢ ጋር ጤናንና ትምህርትን የሚያካትተው በዚሁ ሐሳብ ነው።

መጻሕፍቱ የተለያዩ ስለሆኑ ተማሪው ትምህርቶቹም ተለያይተው የሚቀሩ ይመስለዋል፤ መምህራንም በየክፍለ ጊዜያቸው ስለሚጣደፉ ድልድዩን የሚሠራለት የለም። ለምሳሌ በጀርመን የሂትለር የናዚ ፓርቲ በ1928 ምርጫ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር፤ በ1930 18.3 በመቶ፣ በጁላይ 1932 ደግሞ 37.3 በመቶ ደረሰ። በመካከሉ የ1929ኙ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት አለ፤ የአሜሪካ ብድር ከጀርመን መውጣቱ አለ፤ በ1932 መጀመሪያ ወደ 6 ሚሊዮን የተጠጋው የሥራ አጥ ቁጥር አለ። የኢኮኖሚክሱን ምዕራፍ ከታሪኩ ጋር ያገናኘ ተማሪ «ሂትለርን ያመጣው የኢኮኖሚ ድቀቱ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በ1932 ከአሜሪካ ሠራተኛ ወደ ሩብ የሚጠጋው ሥራ አጥ ነበር፤ አሜሪካውያን ግን ሩዝቬልትን መረጡ። ስለዚህ ድቀቱ በጀርመን ብቻ ያገኘው ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ የቬርሳይ ውል ያሳደረው ቁጭት፣ ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ እንዲገዛ የሚፈቅደው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48፣ እርስ በርስ መስማማት ያቃታቸው ፓርቲዎች። ከዚህም በላይ በኖቬምበር 1932 ምርጫ የናዚ ድምፅ ወደ 33.1 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ ሂትለርን መራሔ መንግሥት አድርጎ የሾመው ድምፁ ከወረደ በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። የሥራ አጡ ቁጥር የድምፁን መጨመር ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ሹመቱን አያስረዳም፤ ለሹመቱ በሂንደንበርግ ዙሪያ የነበሩት ፖለቲከኞች ምን አስበው እንደነበር መጠየቅ ይኖርብናል።

እንዲህ ያለውን ሐሳብ በተወሰነ ሰዓት በወረቀት ላይ ማስፈር የራሱ ልምምድ አለው። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች የሚያውቁትን ሁሉ በመጻፍ ነጥብ ያጣሉ። «ግለጽ» ሲባል የሆነውን መናገር ይበቃል፤ «አብራራ» ሲባል ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ «ገምግም» ሲባል ደግሞ ሚዛን አስቀምጦ የራስን አቋም መግለጽ ግድ ነው። ለእኔ ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት ዘዴ መልሱን ከመጀመር በፊት አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ ሐሳቡ ገና አልተቋጨምና ብዕር ማንሣት ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብና አንድ ማስረጃ ይዞ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይኖርበታል። ፈተናው ምርጫ ብቻ የሆነበት ተማሪም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በደንብ የተዘጋጀ የምርጫ ጥያቄ አራት እውነተኛ ዓረፍተ ነገሮች ይደረድርና የተጠየቀውን የሚመልሰው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ እውነት መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው በአራቱም ይሳባል።

ፈተና ሲቃረብ ማስታወሻን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ማንበብ የተለመደ ነው፤ ያነበቡት ሁሉ የሚታወቅ ስለሚመስልም ያጽናናል። እኔ የማስጠናቸውን ልጆች ግን ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ካሠራኋቸው በኋላ የሳቱትን በሦስት እንዲከፍሉት አደርጋለሁ፤ ጨርሶ የማያውቁት፣ እያወቁ ጥያቄውን በትክክል ያላነበቡት፣ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ እያወቁ ማገናኘት ያቃታቸው። የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉ ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው ከጥያቄው ውስጥ ዋናውን ቃል አስምሮ ቀስ ብሎ ማንበብን ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የሚበዛው እሱ ነው፣ ማስታወሻ በማንበብ አይድንም፤ ከጓደኛ ጋር ተቀምጦ አንዱ ማልተስን፣ ሌላው ቦዝሩፕን ይዞ መከራከርን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ወገን መቀያየርን ይሻል።